የስበት ኃይል ስሌት ላይ ያሳሳተኝ ርቀት

500 ኪሎ ግራም የሆነ ሳተላይት ከምድር ገጽ 400 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ሲዞር ምድር በምን ያህል ኃይል ትስበዋለች? ቀመሩ የታወቀ ነው፤ የስበት ቋሚው በሁለቱ አካላት መጠነ ቁስ ተባዝቶ ለርቀታቸው ስኩዌር ይካፈላል። ቋሚው 6.674 × 10⁻¹¹፣ የምድር መጠነ ቁስ 5.972 × 10²⁴ ኪሎ ግራም። እስከዚህ ምንም አላስቸገረኝም።

የተበላሸው ርቀቱ ላይ ነው። ጥያቄው «400 ኪሎ ሜትር» ስላለ 400,000 ሜትር ብዬ አስገባሁ። 1.25 ሚሊዮን ኒውተን ገደማ ወጣ። ያው ሳተላይት መሬት ላይ ክብደቱ 4,900 ኒውተን ያህል ነው። ከምድር ሲርቅ ስበቱ 250 እጥፍ ሊጨምር ነው? ይህን ሳልጠይቅ ካልኩሌተሩን ደጋግሜ መነካካቴ ዛሬም ያናድደኛል። ካልኩሌተሩ ልክ ነበር፤ ያስገባሁት ቁጥር ነው ስህተቱ።

ርቀቱ የሚለካው ከምድር ማዕከል ነው። ሉል የሆነ አካል ከውጭው ያለን ነገር የሚስበው መጠነ ቁሱ በሙሉ ማዕከሉ ላይ እንደተከማቸ ሆኖ ነው፤ ይህን ያረጋገጠው ራሱ ኒውተን ነው። መማሪያ መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ «ርቀት» ብለው ብቻ ያልፉታል። ከየት እስከ የት? አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ነበረበት!

ስለዚህ የምድር ሬድየስ 6,371 ሲደመር 400፣ 6,771 ኪሎ ሜትር። በሜትር 6.771 × 10⁶፣ ስኩዌሩ 4.585 × 10¹³። መልሱ 4,347 ኒውተን። ወደ ሜትር ሳይለወጥ ቢቀር መልሱ ሚሊዮን ጊዜ ይገዝፋል፤ ሺው ራሱ ስኩዌር ይሆናላ።

«ሁሉንም ቁጥር በየተራ አስገቡ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ለምድር ከሆነ የቋሚውና የመጠነ ቁሷን ብዜት፣ 3.986 × 10¹⁴ን፣ በቃል ያዙ። ብዜቱ የሚታወቀው ሳተላይቶችን በመከታተል ስለሆነ ሁለቱ ለየብቻ ከሚታወቁበት እጅግ የጠራ ነው፤ የርቢ መደመርና መቀነስ ስህተትም ይቀንሳል።

ማረጋገጫው ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። 6,371ን ለ6,771 አካፍሎ ስኩዌር ማድረግ፦ 0.885። ማለትም እዚያ ያለው ስበት በምድር ገጽ ላይ ካለው 88.5 በመቶ ያህሉ ነው። ጠፈርተኞች እዚያ ከፍታ ላይ የሚንሳፈፉት ስበት ጠፍቶ አይደለም፤ ከነመንኮራኩራቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው። 0.885 በ4,900 ሲባዛ 4,337 ይሆናል። ከላይኛው መልስ ጋር ያለው የ10 ኒውተን ልዩነት በአብዛኛው የመጣው 4,900ን ለማግኘት 500 የተባዛበት 9.8፣ ማለትም በምድር ገጽ ላይ ያለው የስበት ፍጥንጥነት፣ ግምታዊ ቁጥር ስለሆነ ነው።