ከሻሞኒ እስከ አልማቲ፦ ደረጃና ችካል

ሻሞኒ፣ ፈረንሳይ። ሜር ደ ግላስ የተባለው የበረዶ ግግር ላይ ለመድረስ ከ500 በላይ ደረጃ ወረድን። ዓለቱ ላይ የዓመት ቁጥር ያለባቸው ሰሌዳዎች ተለጥፈዋል፤ በረዶው በዚያ ዓመት እስከዚያ ድረስ ነበር ማለት ነው። «1990» የሚለው ጋ ቆሜ ቁልቁል ባይ በረዶው ገና ሩቅ ነው። ያ ሰሌዳ ሲነካ የነበረ በረዶ በእኔ ዕድሜ ነው የሄደው። ሽቅብ ስንመለስ ማንም አላወራም።

ከዚያ ወዲህ እስከ አዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ የማስታውሰው ዝናብ ብቻ ነው። የካስፒያንን ባሕር የሚያሻግረው መርከብ ቁርጥ ያለ ሰዓት የለውም፤ ጭነት ሲሞላ ይነሣል። ወደቡ ላይ አራት ሌሊት መኪና ውስጥ አደርን፤ ትንኝ፣ የናፍጣ ሽታ፣ «ነገ ነው» የሚል መልስ። ባልደረቦቼ ካርታ ሲጫወቱ እኔ ስናደድ ከረምኩ።

አራልስክ፣ ካዛኪስታን። ወደ ባሕሩ ሊወስደን በ60 ዶላር የተስማማ ሹፌር ስንመለስ 100 አለን። ከፈልን፤ እስካሁን ይቆረቁረኛል። የአራልን ባሕር በዋናነት ያደረቀው የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ የተባሉት ወንዞች ለጥጥ እርሻ በመጠለፋቸው ነው። ሁለቱን መለየት ግድ ይላል፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2005 የኮክ-አራል ግድብ ካለቀ በኋላ በሰሜኑ ክፍል ውኃው ከፍ አለ፣ ዓሣውም ተመለሰ። አንዲት እናት ከደጃፋቸው ጠርተው የተጠበሰ ዓሣና ሻይ አቀረቡልን፤ ገንዘብ ብንዘረጋ እጃችንን መለሱት።

ከአልማቲ ከተማ በላይ ያለው ቱዩክሱ ግን በግድብ አይመለስም። ይህ የበረዶ ግግር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ሲለካ ኖሯል። የመለኪያ ጣቢያው ከ3400 ሜትር ከፍታ በላይ ነውና የመጀመሪያዋን ሌሊት ራሴን ይዤ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጠዋት ከአንዲት ተመራማሪ ጋር ወጣን። በረዶው ተሰርስሮ ረጅም ችካል ይተከላል፤ በረዶው ሲቀልጥ ችካሉ ይራቆታል፤ የተራቆተው ይለካል። በብርዱ ወራት የተከመረው በረዶም ተቆፍሮ ይመዘናል፤ የገባውና የወጣው ይተሳሰባል።

የመጀመሪያው ችካል እስከ ደረቴ ወጥቷል። እኔ ሜትሩን ያዝኩ፣ እሷ አንብባ በእርሳስ ጻፈች። ሁለተኛውን ግን ቆሞ አላገኘነውም። ሥሩ ድረስ ቀልጦለት በረዶው ላይ ተጋድሟል። አንሥታ ጠረገችውና እንደገና ለመትከል መሰርሰሪያውን እንዳቀብላት ጠየቀችኝ።