ፍርሃት የማያያቸው አደጋዎች

ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ማንም ሳይነግረው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ያው ሰው ድፍርስ ወንዝ ዳር ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ዘው ይላል። ፍርሃት ከፍታን፣ ጨለማንና ድንገተኛ ድምፅን ቶሎ ይለያል፤ የውኃን ፍጥነት ግን መለካት አይችልም።

ደኅንነት የሚሰማን ቦታም ያታልላል። የጂኦግራፊ ምሁሩ ጄይ አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1975 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ሰው ራሱ ተከልሎ ሩቅ ማየት የሚችልበትን መልክዓ ምድር ይወዳል። ሜዳ ላይ ካለ ትልቅ ዛፍ ሥር አረፍ ስንል እፎይ የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን ያ ዛፍ ከመጠለያ ሁሉ የከፋ ነው፤ መብረቁ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል፣ መሬት ለመሬትም ይሄዳል። ስለዚህ ስሜታችሁን ተዉና ቁጠሩ። ብልጭታው ከታየ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሰከንድ ለ3 ብታካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ ካልሞላ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ወዳለው መኪና ግቡ። ዝናቡ ሲያባራ ልብም አብሮ ይረጋጋል፤ ቸኩሎ መውጣት የሚመጣውም ያኔ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ወደ ወንዙ ስንመለስ፣ የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውኃ ጎልማሳን ይጥላል። እንጨት ወርውሩና ከጎኑ በእግር ሂዱ፤ ከእርምጃችሁ ከቀደመ አትሻገሩ። ውኃው ከደፈረሰ፣ ቅርንጫፍ ካመጣ፣ ከሥሩ ድንጋይ ሲጋጭ ከተሰማ ከላይ ዘንቧልና ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት ውኃው የሚወርድበትን የታችኛውን ክፍል ተመልከቱ፦ ፏፏቴ ወይም የወደቀ ዛፍ ካለ ሌላ መሻገሪያ ፈልጉ። ጫማ አታውልቁ፤ ባዶ እግር ድንጋይ መሀል ይሰነቀራል፣ ያዳልጣልም። የጀርባ ቦርሳችሁን የወገብ ቀበቶ ፍቱ፤ ከወደቃችሁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሰምጥ። ፊታችሁን ውኃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ በትር ተመርኮዙ፣ አንድ እግር ሳይረግጥ ሌላውን አታንሱ። ውኃው ከወሰዳችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እግራችሁን ውኃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ዘርጉ፤ ጥልቀቱ ሳይቀንስ ለመቆም አትሞክሩ፣ እግር የሚያዘው ያኔ ነው።

ሌላው ችግር የልብ ምት ነው። ዳገት የወጣ ሰው ልብም፣ የፈራ ሰው ልብም እኩል ይደልቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ደተንና አሮን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ በካናዳው የካፒላኖ ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ያገኟቸው ወንዶች ዝቅ ባለ ጠንካራ ድልድይ ላይ ከነበሩት ይልቅ መጠይቅ ላቀረበችላቸው ሴት በብዛት ስልክ ደውለዋል፤ ተመራማሪዎቹ ሰዎቹ የከፍታውን ድንጋጤ ወደ መሳብ ተርጉመውታል ብለው አስረዱ። ስለዚህ እያለከለካችሁ አትወስኑ። ትንፋሹ እስኪመለስ ተቀመጡ፣ ከዚያ ሁለት ጥያቄ ለይታችሁ ጠይቁ፦ የመሳሳት ዕድላችን ምን ያህል ነው? ብንሳሳትስ ምን ይደርስብናል? የመጀመሪያው መልስ «ትንሽ» ቢሆንም ሁለተኛው ሞት ከሆነ ተመለሱ።

በቡድን ስትሆኑ ደግሞ ፍርሃት ይደበቃል፤ ሁሉም የሌላውን ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጥራል። የመመለሻ ሰዓታችሁን ጠዋት፣ የተራራው ጫፍ ሳይታይ ወስኑ። አስቸጋሪ ቦታ ስትደርሱም ልምድ ያለው መጨረሻ፣ አዲሱ ሰው መጀመሪያ ይናገር።