ራን ሲሉኝ ሮጥኩ

ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ነው። አለቃዬ የታጠፈ ፎጣ አቀበለችኝና ክፍል 12 ድረስ «ራን» እንዳደርገው ነገረችኝ። እኔ ሆዬ የማውቀው «ራን» ሩጫ ነው። ሮጥኩ! ኮሪደሩ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነበር፤ እንዴት እንዳልወደቅኩ ፈጣሪ ያውቃል። ለካ «ቶሎ አድርሺልኝ» ማለቷ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በየሄድኩበት ይከተለኝ ጀመር። አፍንጫ ሲፈስ ራን ነው። የልብስ ቀለም ሲለቅ ራን ነው። ለምርጫ መወዳደር፣ ሱቅ ማስተዳደር፣ ስቶኪንግ ሲተረተር፣ ሁሉም ራን። ጓንት ሊያልቅብን ሲል እንኳ «ራኒንግ ሎው» እንላለን። የትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ቃል በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥረውለታል። በእ.ኤ.አ. 1989ኙ እትም ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» ነበር። የእኛዋ ሴት አይደለችም፤ ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት፣ የፀሐይ መጥለቅ የሚባልበት ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህን ሁሉ ለአንዲት አሜሪካዊት ባልደረባዬ አማረርኩላት። ከእኔ ጥቂት አማርኛ ተምራለች። «እና ‹ያዘ›ስ?» አለችኝ። ጉንፋን ያዘኝ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ስልኩ ተይዟል፣ ዝናብ ያዘኝ፣ ቂም ይዞብኛል... እየቆጠርኩ ሄድኩ።

መዳፌን ገልብጣ አየችና «ይህን ሁሉ በዚህች እጅ?» አለችኝ።