ገበሬው የሚል ስም እንዴት ወጣልኝ

ባሕር ዳር ውስጥ ጠባብ የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አነሳለሁ። ለዓመታት የሠራሁት ቀና ብዬ ሰው ሳላይ ነው። «ጉዳዩ ምንድን ነው?» እላለሁ፣ የድሮ ፋይል ከፍቼ ስምና ቀበሌ እቀይራለሁ፣ ፕሪንት፣ ቀጣይ። ማታ እንደተኮሳተርኩ ስገባ ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብህ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን የዘጌ ሽማግሌ በጠዋት ጀልባ መጡ። መታወቂያቸው ገበያ ላይ ጠፍቶባቸው ለፖሊስ ማመልከቻ ሊያጽፉ ነው። ስጨርስ «እስኪ አንብብልኝ» አሉኝ።

«እኔ አመልካች የዘጌ ነዋሪ ስሆን በእርሻ ሥራ የምተዳደር...»

«ቆይ፣ በምን አልከኝ?»

«በእርሻ ሥራ፣ አባባ።»

ምርኩዛቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተገዘተ ነው። ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚ ነው፤ ያ ሁሉ ጫካ የተረፈውም በዚህ ነው። እኔ ደግሞ ከእሳቸው በፊት የመጣውን ገበሬ ፋይል ሳላጠፋ ስማቸውን ብቻ ቀይሬ ኖሯል። «ልጄ፣ በስተርጅና አሳርሰህ ልታስገዝተኝ ነው?» ሲሉ ወረፋ የያዘው ሁሉ አብሮ ሳቀ።

ይሄኔ መብራት ድርግም። ሴቭ አላደረግሁም! የመመለሻ ጀልባቸው ደግሞ ሰዓቱ ደርሷል። ሌላ ቀን ቢሆን «ነገ ይምጡ» ብዬ እገላገላቸው ነበር። ግን አንዴ አብረን ስለሳቅን መሰለኝ ሰውዬው የሁላችንም ዘመድ ሆነዋል። አንዷ ተማሪ ነጭ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ፣ በእጄ ጻፍኩት። በር ላይ ቡና የምትሸጠው ልጅ ያለ ሂሳብ ቀዳችላቸው። ኮፒ ሊያነሳ የመጣ ባለ ባጃጅ «መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ» አለና መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ወደቡ አደረሳቸው።

ከዚያ ወዲህ ያመጣሁት ለውጥ አንድ ነው። ፕሪንት ከማድረጌ በፊት ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንዱን ጎረምሳ «የአምስት ልጆች እናት የሆንኩ» ብዬ ባነብለት «አበል ካለው ተወው፣ አታጥፋው» አለኝ። ስህተቴ ቀነሰ፣ ወረፋው ውስጥም ወሬ ተጀመረ። አንዱ የሌላውን ጉዳይ ሲሰማ «እሱን እኮ እኔም አልፌበታለሁ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ብትሄድ ይሻልሃል» ይላል።

አንዴ ግን ዋጋ ከፈልኩበት። የአንዲትን ሴት የፍቺ ማመልከቻ እንደለመድኩት በሰው ፊት ማንበብ ጀመርኩ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። አሁን መጀመሪያ ዝቅ ብዬ «ላንብበው ወይስ ራስዎ ያዩታል?» እላለሁ፤ ከባድ ነገር ከሆነ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው።

ሽማግሌው በሁለተኛው ሳምንት አንድ ፌስታል ሎሚና ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። ከደጅ ሆነው «የገበሬው ቤት ይሄ ነው!» ሲሏቸው ሰማሁ። ቡና የምትሸጠው ልጅ አፍታም አልቆየች፤ የዱቤ ደብተሯ ላይ ስሜን ሰርዛ «ገበሬው፣ 3 ስኒ» ብላ ጽፋለች።