እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል

ነሐሴ 2012፣ ፒያሳ

ወደ ዱባይ የመመለሻ ፈቃዴ፣ አፕሩቫሉ፣ ከመጣ ወዲህ ሰፈር ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ነው የሚለኝ። ባለሱቁ፣ ድሮ አብራኝ የተማረች ልጅ፣ የእድር ጥሩምባ የሚነፉት ሽማግሌ ሳይቀሩ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው እንኳን ደስ አለሽ ልጄ፣ መንገዱን ያቅናልሽ። እኔም አሜን እላለሁ፣ ደስም ብሎኛል አልዋሽም፣ ግን ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ደሞ ያስቀኛል፣ ከእናቴ ቤት ወጥቼ እንድሄድ የሰው አገር ስለፈቀደልኝ ነው እኮ እንኳን ደስ አለሽ የምባለው።

ለማታውቁኝ፣ ዱባይ ዴራ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። የካቲት መጨረሻ ላይ ለአባቴ ሙት አመት መጣሁ፣ ያመት ፈቃዴ ላይ ትንሽ ቀን ለምኜ፣ ዝክሩ ተደግሶ ዘመድ ተጠይቆ ቶሎ ልመለስ። ስመጣ የያዝኩት ልብስ ራሱ የሁለት ሳምንት ነው፣ ክረምቱን እያሳለፍኩ ያለሁት በወንድሜ ጃኬት ነው።

መጋቢት 4 አርብ ቀን ኮሮና የያዘው የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነው አሉ፣ ወዲያው ፒያሳ ላይ ሳኒታይዘር ጠፋ፣ የነጭ ሽንኩርት ዋጋ አይቀመስም ሆነ፣ እማዬም እንደ ሰው ሁሉ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ በየጠዋቱ ታጠጣን ጀመር (ጨጓራዬ እስካሁን አልዳነም)። የኔ ሀሳብ ግን ትኬቴ ላይ ነበር። መጋቢት 10 ላይ አረብ ኤምሬትስ ከአገር ውጪ ያሉ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች እንዳይገቡ አገደች፣ ቪዛሽ ባይቃጠልም ባጣቃሽ (የኤምሬትስ መታወቂያሽ) በእጅሽ ቢሆንም አትገቢም ማለት ነው። የኔ በረራ የዛው ሳምንት መጨረሻ ነበር። ለሁለት ሳምንት ነው ተባለ፣ ከዛ ደሞ ጭራሽ አውሮፕላኑ ራሱ ቆመ። እውነቱን ልናገር አይደል፣ ሁለት ሳምንት ሲሉ በሆዴ እሰይ ነው ያልኩት።

የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር በቃ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ በእጅ መጨባበጥ ሁሉ ተከለከለ፣ ታክሲው በግማሽ ሰው እየጫነ ዋጋው እጥፍ ሆነ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም ስለተባለ የእማዬ ቡና ጠጪዎች በተራ ነበር የሚመጡት፣ አቦሉን አንዷ ጠጥታ ትወጣለች ቶናውን ሌላዋ ትገባለች፣ ወሬው ግን አይቋረጥም፣ የመጀመሪያዋ የጀመረችውን ሁለተኛዋ ትጨርሰዋለች። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ቤተክርስቲያን ለምእመን ዝግ ስለነበር ጊዮርጊስ አጥር ውጪ አስፋልቱ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚሰግዱ እናቶች ነበሩ፣ ቅዳሴውን በቲቪ አየን፣ ዶሮ ግን በላን። ስንት አመት ፋሲካን በአፍተርኑን ሺፍት ነው ያሳለፍኩት፣ ማንም ሳያየኝ ኩሽና ገብቼ አልቅሻለሁ፣ የሽንኩርት ነው ብዬ።

በዛን ሰአት ዴራ ሌላ አለም ነበረች። መጋቢት መጨረሻ ላይ አል ራስና ናይፍ አካባቢ ተዘጋ፣ ከዛ ዱባይ በሙሉ ሀያ አራት ሰአት ቤት ቁጭ፣ ለመውጣት ፈቃድ። ሱፐርማርኬት ስለማይዘጋ የስራ ጓደኞቼ በማስክና በጓንት ይሰሩ ነበር፣ ፈርተው ግን ደሞዝ እየበሉ። አብረን የምንኖረው ልጆች በቦቲም (የኢንተርኔት መደወያ ነው) ሲደውሉ አልጋዬን ያሳዩኛል፣ ቤድ ስፔሴን ማለት ነው፣ ብርድ ልብሴ እንዳጠፍኩት ነው። ኪራዩን አንዷ እየከፈለችልኝ ነበር፣ ስትመጪ ትሰጪኛለሽ ትለኛለች፣ እሷ ራሷ ከሆቴል ስራ በግማሽ ደሞዝ ቤት ቁጭ በይ ተብላ።

ችግሩ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ያለ ደሞዝ ፈቃድ ላይ ነሽ ተባልኩ፣ አላባረሩኝም፣ ግን ምንም የለም። የያዝኳት ድርሀም ተመንዝራ አለቀች። ቤታችን እንዲህ ነው የሚሰራው፣ በየወሩ መጀመሪያ እኔ እልካለሁ፣ እማዬ ባንክ ትሄዳለች፣ ከሱ ላይ የወንድሜ ኮሌጅ፣ እቁብ፣ መብራት፣ አስቤዛ፣ እድር። እኔ ቤት ስገባ የሚልከው ሰው ጠፋ። እኔ ሩቅ ስሆን ነው ለካ ይሄ ቤት የሚሞላው፣ ስመጣ ደሞ ገቢው ቆሞ አንድ አፍ ይጨመራል። ማንም አላለኝም፣ እማዬ ትሞታለች እንጂ አትለኝም። ግን መጀመሪያ ስጋው ቀረ፣ ከዛ እንቁላሉ፣ ከዛ ወጡ ቀጠነ፣ ወጥ ቀጠነ ብዬ እንዳልናገር ብር ያልላክሁት ሰውዬ እኔ ነኝ። ወንድሜ የሞባይል ካርድ ሲገዛልኝ አይኔን ሰብሬ ነው የምቀበለው፣ ስልኩን የገዛሁለት እኔ እኮ ነኝ። የሰፈር ሰው ጥያቄም ተቀየረ። መጋቢት ላይ መቼ መጣሽ፣ ምነው ከሳሽ፣ እስኪ ተጫወቺ ነበር። ግንቦት ላይ ሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?

ስራ ፍለጋም ወጥቻለሁ። አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ አናገርኳቸው፣ አረብኛ፣ ኡርዱ፣ ትንሽ ታጋሎግ እችላለሁ ስለው ሰውዬው ሳቀ፣ እዚ ለማን ልትናገሪው ነው አለኝ፣ ልክ ነው። ደሞዙን ሲነግረኝ ዱባይ ለአንድ አልጋ የምከፍለውን አታክልም። ከዛ ዋስ አምጪ፣ የመንግስት ሰራተኛ ቢሆን ይመረጣል። ያን ሁሉ ጊዜ ያን ያህል ብር በእጄ ሲያልፍ ዋስ አምጪ ያለኝ የለም (እርግጥ እዛ ዋሴ ፓስፖርቴ ነው፣ እሱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው)። አጎቴን ለምኜ እሺ አስብዬው ስመለስ ደሞ ሰውዬው ገበያ ስለሌለ ትንሽ እንይ አለ። አዋጁ ሰራተኛ አትቀንሱ ነው የሚለው፣ ቅጠሩ አይልም።

ሰኔ 15 ዱባይ ነዋሪዎቿ መመለስ ይችላሉ አለች። ግን ዝም ብሎ ትኬት መቁረጥ የለም፣ መጀመሪያ ኦንላይን ታመለክቻለሽ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የባጣቃ ቁጥር፣ ምናምን ሞልተሽ ኢሜይል ትጠብቂያለሽ። አመለከትኩ። ሰኔ 22 ማታ ሀጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፣ ጠዋት ስንነሳ ኢንተርኔት የለም። የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኛም በር ቆልፈን ነው የሰነበትነው፣ ስንት እናት ያለቀሰችበት ሳምንት ነው፣ በዛ መሀል ስለ ኢሜይሌ መጨነቄ ይከብደኛል ግን ተጨንቄያለሁ፣ ሰው ሆድ ውስጥ ሁለት ጭንቀት በአንዴ ይገባል።

ኢንተርኔቱ ሳምንታት ቆየ። ኢሞ የለ፣ ቦቲም የለ፣ የአለም ዜና ከቲቪ ብቻ። የቀረኝ ቀጥታ ስልክ ነው፣ እሱ ደሞ ውድ ነው፣ ሚስኮል አደርግላታለሁ ያቺ ኪራይ የምትከፍልልኝ ልጅ ትደውላለች፣ ኢሜይሌን እሷ እንድትከፍተው ፓስወርዴን በስልክ ልነግራት ነው። ትልቁ ኤስ። ኤፍ? ኤፍ አይደለም ኤስ፣ ሰላም የሚለው። ከዛ ዜሮ። ኦ? ኧረ ዜሮ፣ ቁጥሩ! ከጓዳ እማዬ ምንድነው የምትጨቃጨቂው ትላለች፣ መስመሩ ይቆረጣል፣ እንደገና ከትልቁ ኤስ እንጀምራለን። ከፈተችው በመጨረሻ፣ አልተፈቀደም ይላል አለችኝ። ምክንያት አለው? የለውም፣ ሌላ ጊዜ ሞክሪ ነው የሚለው። እሷው እዛ ሆና ደግማ አመለከተችልኝ፣ እንደገና አልተፈቀደም፣ እንደገና ሞላች። ልጅቷ ከስራዋ በላይ ስለኔ ፎርም ሞልታለች፣ ውለታዋን በምን እንደምመልስ እንጃ። አንድ ሀገር ውስጥ ሆነሽ ሌላ ሀገር ስላለው እጣሽ ዜና የምትሰሚው በአንድ ደቂቃ ጥሪ ሲሆን ደቂቃውን ደህና ነሽ ወይ ብለሽ አታባክኚውም፣ አነሳዋለሁ፣ እ? አይ። ቻው። እንደዛ ነበር የምናወራው።

ሀምሌ 16 ዳታ ተመለሰ። ሰው ስለ ግድቡ የመጀመሪያ ሙሌት ሲያወራ እኔ ያንኑ ገጽ ሪፍሬሽ ሳደርግ ነው የምውለው። ሰኔ ላይ ቤይሩት ያሉ እህቶቻችንን አሰሪዎቻቸው ቆንስላችን በር ላይ አምጥተው ጥለዋቸው ሲሄዱ አይተናል፣ ከነሻንጣቸው፣ አንዳንዷም ያለ ሻንጣ፣ ደሞዟን ሳትቀበል፣ ከዛ ሀምሌ 28 ወደቡ ፈነዳ። እነሱ አገር ለመግባት ሲለምኑ እኔ ከአገር ለመውጣት እለምናለሁ፣ የሁላችንም ፓስፖርት ቀለሙ አንድ ነው። ያን ቀን ሪፍሬሽ ማድረጉን ተውኩት፣ በማግስቱ ደሞ ቀጠልኩ።

አፕሩቫሉን ያየሁት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ። ሰልፉን ትቼ በእግሬ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ ቤት፣ እየሮጥኩ ነበር መሰለኝ። እማዬ እልል አለች፣ አንዴ ብቻ፣ ከዛ ነጠላዋን አነሳች። የት ነው ስላት ጊዮርጊስ፣ ስለት አለብኝ አለች። የምን ስለት? ጃንጥላ። ልጄ ስራዋ ላይ ከተመለሰች ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ኖሯል። መቼ? ግንቦት። ግንቦት! ግንቦት ላይ እኮ ነው ለጎረቤቶቿ በቃ እዚሁ ቅሪልኝ ብያታለሁ፣ ገንዘብ ምን ያደርጋል እያለች ስታወራ በጆሮዬ የሰማኋት። እና እንድሄድልሽ ነው የተሳልሽው እማዬ አልኳት፣ በቀልድ አስመስዬ።

«እንዳትሄጂ ብዬ ብሳል ይሰማኝ የለ? ሰምቶኝስ ምን ልንበላ ነው?» አለችኝ። እንዲሁ፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ በምታወራበት ድምፅ።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። አሁን ሳስበው ግን ከየካቲት ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ስለኔ ከተነገረው ሁሉ እውነቱ እሱ ይመስለኛል፣ አልተቀየምኳትም፣ እንደውም ከዛ ቀን ወዲህ ነው እንደ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሂሳብ ማውራት የጀመርነው፣ የማን እዳ መጀመሪያ ይከፈል፣ የወንድሜ ኮሌጅ ሲከፈት ምን ያህል ይፈልጋል፣ የአልጋዬ ኪራይ ውዝፍ፣ ለትኬት የተበደርነው። ጃንጥላውም ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ የሚገዛው ከመጀመሪያ ደሞዜ ነው። የእሷ ስለት በኔ ደሞዝ። ጊዮርጊስ ያውቀዋል ትላለች።

የቀረኝ ምርመራው ነው። ከበረራው በፊት ባለው 96 ሰአት ውስጥ የተሰጠ የፒሲአር ኔጋቲቭ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ቀድመሽ ከሰጠሽ ጊዜው ያልፍብሻል፣ ዘግይተሽ ከሰጠሽ ውጤቱ ሳይደርስ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ ዋጋውን አልናገርም እማዬ ብታነብስ። ዛሬ ጠዋት ሰጠሁ፣ አፍንጫዬ ውስጥ የገባው ነገር አእምሮዬ ጋ ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ። ስሜን ሶስቴ ነው ያስተካከልኩት፣ የአባቴን ስም ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤል ነው የተጻፈው፣ ልጁ በአንዱ ሊያልፈው ነበር፣ ኤርፖርት ላይ በአንድ ፊደል የተመለሰች ልጅ አለች ሲባል ሰምቻለሁ። ከዱባይ ከወጣሁ ደሞ ስድስት ወር ሊሞላኝ እየተጠጋ ነው፣ ድሮ በደህናው ጊዜ ከስድስት ወር በላይ ውጪ የቆየ ሰው ቪዛው ይቃጠል ነበር፣ አሁን ታግሰውናል ይላሉ፣ ግን በትእግስታቸው ላይ መተኛት አልፈልግም።

ውጤቱ ነገ ነው። ማታ እራት ላይ ለእማዬ፣ ኔጋቲቭ ከሆንኩ ቦሌ ኤርፖርት፣ ፖዘቲቭ ከሆንኩ የኮሮና ታማሚ የሚተኛበት ሚሊኒየም አዳራሽ፣ መቼም መንገዱ አንድ ነው ያው ታክሲ ይወስደኛል ብዬ ቀለድኩባት። በማማሰያው ልትለኝ ተነሳች፣ አታሟርቺ አንቺ ልጅ፣ በአፍሽ አታሟርቺ! ወንድሜ በሳቅ ሞተ። ከዛ ቁጭ አለችና በርበሬው ስንት ኪሎ ይሁን ትለኛለች፣ ሶስት ስላት ለዛችም ለከፈለችልሽ ልጅ እኮ ነው አለችና አምስት አደረገችው፣ ሽሮው ደሞ ገና አልተነፋም።