ኬኤ ባንድ እና የክርስትናው ዳቦ

ዲሲ ውስጥ የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ ቢያንስ አንዴ ፎቶ ተነሥቷል። ከኋላ፣ ታርጋው ቁልጭ ብሎ። ፎቶው በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል። ከተፈቀደው ፍጥነት ከ11 እስከ 15 ማይል ካለፍክ ሒሳቡ 100 ዶላር ነው። ያን ያህል ተከፍሎበት ፊትህ እንኳ አይታይም።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራው ዲሲ ነው። ጠዋት ጆርጂያ አቬኑን ወደ ታች ስወርድ መኪናው ራሱ ይሮጣል፤ እኔ ብዙም አልጨምርበትም። ባለቤቴ ፖስታውን ሳትከፍተው ታውቀዋለች። "አልበሙ ሊሞላ ነው" ብላ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥልኛለች።

አትላንታ ያለው የአክስቴ ልጅ መፍትሔ አለው። እሱ መፍትሔ የሌለው ነገር የለም። "ራዳር ዲቴክተር ግዛ እንጂ! ምን ትገበራለህ?" አለኝ። የፖሊስ ፍጥነት መለኪያ ሞገድ ሲደርሰው የሚጮኽ ዕቃ ነው። የአክስቴ ልጅ ትራክ ነጂ ነው። አንድ ሰሞን ለትራኩ ውድ ዲቴክተር ገዝቶ ነበር። ከ10,000 ፓውንድ በላይ በሚመዝን የንግድ መኪና ላይ በፌዴራል ሕግ ክልክል መሆኑን የሰማው ግን ከገዛ በኋላ ነው። ዕቃውን ሸጠው። እውቀቱን ግን የሚገዛው ስላጣ እኔ ላይ በነጻ አራገፈው።

"ስማኝ" አለ። "ኤክስ ባንድ የሚባለው የራዳር ሞገድ 10.5 ጊጋኸርዝ ነው። ያረጀ ነው፣ እርሳው። ኬ ባንድ 24 ነው። እሱን ፖሊስም ይጠቀምበታል፣ የሱፐርማርኬት በርም ይጠቀምበታል። ጎንህ መኪና ሲኖር መስታወትህ ላይ የምትበራዋ መብራት የለችም? ብዙ መኪና ላይ እሷም ኬ ነች። ዋናው ኬኤ ነው። ከ33 እስከ 36። ኬኤ ከጮኸ በር አይደለም፤ ቶሎ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሣ።"

"ሌዘርስ?"

"ሌዘር ከጮኸ መንጃ ፈቃድህን አውጣ።"

ቀልዱን ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም ለካ። ራዳር ሞገዱ ስለሚበተን ከሩቅ ይሰማል። ፖሊሱ ከፊትህ ያለውን መኪና ሲለካ ያንተ ዕቃ ትርፍራፊውን ይለቅማል። ሌዘር ግን ቀጭን ጨረር ነው። አንተ ላይ ካረፈ ፖሊሱ ፍጥነትህን አንብቦ ጨርሷል። ዕቃው የሚጮኸው ሊያረዳህ ነው።

ምርጫው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ርካሹ ባየው ሁሉ ይጮኻል። ውዱ ጂፒኤስ አለው። በየቀኑ የምታልፍበትን የሱፐርማርኬት በር ቦታውን ይይዝና ሁለተኛ አይጮኽብህም፤ የካሜራ ቦታም ይነግርሃል። የአክስቴ ልጅ ሕልሙ ቫለንታይን ዋን ነው። በፈረንጆቹ 1992 ከወጣ ጀምሮ የሚታወቀው በቀስቱ ነው፤ ሞገዱ ከፊት ይምጣ ከኋላ ያሳያል። ስለዚያ ቀስት ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ስለ ሚስቱ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግን ዋጋውን አይቼ ወደ መካከለኛው ወረድኩ። ጂፒኤስ የለውም፤ ግን ይናገራል። "ኬ ባንድ!" "ኬኤ ባንድ!" "ሌዘር!" የምትል ቆጣ ያለች ሴት አለችበት።

ባለቤቴ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋ አየችውና "ለምን ዝም ብለህ ቀስ ብለህ አትነዳም?" አለችኝ። የአክስቴ ልጅ በዚህ ጥያቄ ላይ ምንም አላስተማረኝም ነበር።

ገጠማው ላይ የሕንፃችን ጋሼ ገቡበት። አዲስ አበባ ሳሉ መካኒክ ነበሩ። ፊያትና ቮልስ ስንቱን ፈትተው ገጥመዋል። አሁን ዲሲ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ እጃቸው ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ዕቃውን ላይተር ላይ ሰክቼ ገመዱ እንደ ሐረግ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ተቆጡ።

"ይሄ ምንድን ነው? የልብስ ማስጫ ነው? ንቀለው!"

ነቀልኩት። ከፊውዝ ሳጥኑ ላይ መስመር እንሳብ ተባለ። ለዚህ የምትሆን ትንሽ ዕቃ አለች። አንዱን ፊውዝ ነቅለህ እሷን በቦታው ትሰካለህ፤ እሷ ላይ ሁለት ፊውዝ ይገባል፣ አንዱ ለድሮው ሥራ፣ አንዱ ለአዲሱ። ጋሼ ከመሪው ሥር አጎንብሰው ሳጥኑን ከፈቱትና ዝም አሉ።

"ይሄ ሁሉ ፊውዝ ለአንድ መኪና?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቮልስ እኮ ስምንትም አሥርም ቢሆን ነው። ይሄ ሆቴል ነው እንዴ?"

ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋውን ፊውዝ መፈለግ ነበረብን፤ አለዚያ ዕቃው ሌሊቱን ሁሉ ሲበራ ያድራል። ጋሼ በመብራት እየነኩ ይፈትሻሉ፣ እኔ ቁልፉን አዞራለሁ። "አብራ!" "አጥፋ!" "አብራ አልኩህ!" መኪና ማቆሚያው ላይ ተመልካች ተሰበሰበ። ኔጋቲቩን ከብረቱ ጋር በብሎን አሰሩት። ቀጥሎ ገመዱ በመስታወቱ ዳር ባለው ምሰሶ ውስጥ አልፎ ጣሪያው ጨርቅ ሥር መግባት አለበት። ጋሼ የምሰሶውን ሽፋን ቧ አድርገው ከፈቱ። ውስጡ የተጠቀለለ ነገር አለ። ኤርባግ የሚል ጽሑፍ አነበብኩላቸው።

እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ወደ ኋላ ሄዱ። አሁንም ትንሽ ሄዱ።

"ይሄ የሚፈነዳው ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እና ጭንቅላቴን እዚያ ውስጥ ስከት ዝም ብለህ ታየኛለህ?"

ገመዱን ከኤርባጉ ፊት ሳይሆን ከኋላው ማሳለፍ ነው የሚገባው፤ ፊት ለፊት ካለፈ ኤርባጉ ሲፈነዳ ገመዱን ይዞ ነው የሚወጣው። ይህን ሥራ ለኔ ተዉልኝ። እሳቸው ሦስት መኪና ርቀው ቆመው በእጃቸው ያመለክቱኛል። ሲያልቅ ግን እውነትም አምሮ ነበር። ገመድ የሚባል አይታይም። ዕቃው ከመስታወቱ አናት፣ ከስፖኪዮው አጠገብ በላስቲክ ተጣብቆ ተቀመጠ። ጋሼ ግን ላስቲኩን አላመኑትም። እንዳይወድቅ ብለው ማስቲሽ ጨመሩበት።

የመጀመሪያው ተጠቂ ባለቤቴ ነበረች። እኔ ወተት ልገዛ ሱፐርማርኬት ገባሁ። እሷ ከተኛው ልጃችን ጋር መኪና ውስጥ ቀረች። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ሞተሩን አላጠፋነውም። አፍንጫችን ደግሞ ትይዩ ከበሩ ጋር። ሰው በገባ ቁጥር "ኬ ባንድ!" ሰው በወጣ ቁጥር "ኬ ባንድ!" ድምፅ መቀነሻውን ስትፈልግ ጭራሽ ጨመረችው። ስመለስ ልጁ እያለቀሰ ነው፣ ዕቃው እየጮኸ ነው፣ እሷ ግን ጸጥ ብላለች። ከሦስቱ ያስፈራኝ የሷ ነው።

እንግዲህ ወደ ክርስትናው። አማቴ ከአዲስ አበባ የመጡት ቨርጂኒያ ያለችውን የባለቤቴን እህት ሊያርሱ ነው። ሴት ልጅ ስለሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ዳቦው እኛ ቤት ይጋገር ተባለ፤ ኦቭናችን ሰፊ ነው። ባለቤቴ ከዋዜማው እህቷ ጋር አደረች። እኔና እማማ ገና ሳይነጋ ተነሣን። እማማ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ድፎውን በኮባና በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ከነሰፌዱ ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ኋላ ይሁን ብላቸው እሺ አላሉም። "ዳቦ ከኋላ ይንገላታል" አሉኝ።

መንገዱ ባዶ ነው። 495 እንዲህ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እማማ ደግሞ ያቻኩሉኛል። "ጥምቀቱ ያመልጠናል፣ ንዳው እንጂ ልጄ!" ነዳሁት። ፖቶማክን በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ተሻገርን። ቨርጂኒያ ገባን። ከዳር የቆመች ሰሌዳ በመብራቴ ብልጭ አለች። ራዳር ዲቴክተር ክልክል ነው ትላለች።

አንብቤ ሳልጨርስ ሴትዮዋ ጮኸች። "ኬኤ ባንድ! ኬኤ ባንድ!"

እማማ አማተቡ። "ማናት?"

"ዕቃው ነው እማማ! ፖሊስ አለ ማለት ነው!"

"ታዲያ ጥሩ አይደለም? ለምን ትጮኻለች?"

እግሬን አነሣሁ። የቨርጂኒያ ነገር እንደ ሌላው ቦታ አይደለም። ከተፈቀደው 20 ማይል ካለፍክ ወይም ከ85 በላይ ከነዳህ ወንጀል ነው፤ ዳኛ ፊት ትቆማለህ፤ እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። ይህን ለእማማ በአጭሩ ነገርኳቸው።

"እስር ቤት? ዛሬ? በክርስትናዋ ቀን?"

መብራቱን ያጠፋ የፖሊስ መኪና ከመንገዱ አካፋይ ላይ ቆሟል። አለፍነው። ፍጥነቴ ያኔ እንደ ቄስ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ከኋላችን ገባ። ትዝ አለኝ፤ ዲቴክተር ራሱ ትንሽ ሞገድ ያፈሳል፤ ፖሊስ ደግሞ ያንን የሚይዝ መሣሪያ አለው። ዲቴክተር የሚይዝ ዲቴክተር! የአክስቴ ልጅ እያሳቀ የነገረኝ ይህንን ነበር።

"እማማ፣ ይንቀሉት!"

ሳቡት። አልነቀል አለ። የጋሼ ማስቲሽ እንደ ብረት ነው። "ገመዱን! መጀመሪያ ገመዱን!" የገመዱ ጫፍ እንደ ድሮው የቤት ስልክ መሰኪያ ነው፤ ምላሷን ጫን ሲሉ ቀጭ ብሎ ወጣ። ይህችን እማማ ያውቋታል። ሴትዮዋ መሐል ላይ ጸጥ አለች። ቀጥለው ዕቃውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ከላስቲኩ ላይ አወጡት።

"አሁንስ የት ላድርገው?"

"ሕጉ ኤሌክትሪክ የሌለውና ሰው በቀላሉ የማይደርስበት ቦታ ይሁን ነው የሚለው።" ይህንንም ያስተማረኝ ያው ሰው ነው። ክልክሉ የት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

እማማ የዳቦውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው ወደ ታች ወሸቁት። "ከዳቦ ሥር ማን ይደርስበታል?" አሉ።

ፖሊሱ ሌይን ቀይሮ ጎናችን መጣ። ወደኛ አየ። እማማ ዳቦአቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ፣ ልክ ለሰፈራቸው ሹም እንደሚያደርጉት እጅ ነሡት። ግራ ገባው። እጁን አንሥቶ ሰላም አላቸውና ወደፊት ነዳ።

የአክስቴ ልጅ ትራክ ላይ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። በመኪናው ስፒከር ደወልኩ።

"ስማ፣ ቨርጂኒያ ክልክል ነው እንዴ?"

"እንዴታ! ከሃምሳው ግዛት እሷ ብቻ ናት። እሷና ዲሲ።"

"ዲሲም?!"

"አንተ ሜሪላንድ አይደለህ?"

"ሥራዬ ዲሲ ነው! ዘመዴ በሙሉ ቨርጂኒያ ነው!"

ትንሽ ዝም አለ። "እንግዲህ ወደ ሰሜን ስትሄድ ተጠቀምበት። ባልቲሞር ምናምን።"

"ባልቲሞር ማን አለኝ?"

"እሱን አንተ ነህ የምታውቀው" ብሎ ዘጋው።

ለጥምቀቱ ደረስን። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት የለቀቀችው ጩኸት ከኬኤ አይተናነስም። እማማ በደስታ እልል ሲሉ ዕቃውን ረሱት። እኔም ረሳሁት። አዳራሽ ገባን፣ ዳቦው መሐል ተቀመጠ፣ ሁላችንም ቆምን። አባ መስቀላቸውን ይዘው ጸለዩ፣ ባረኩ። ቢላዋ ተቀበሉ። ጨርቁን ገለጡ።

ከዳቦው ሥር ጥቁር ሳጥን ብቅ ብሏል።

አዳራሹ ጭጭ አለ። አንዲት ሴትዮ "የሕፃኗ ካሜራ ነው?" አሉ። ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። አስተያየቷን ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ስላየሁት አልመለከትኩም። እማማ ግን ውሸት አያውቁም፤ ያውም ቄስ ፊት።

"የመኪና ነው አባ። ፖሊስ ሲያይ ይጮኻል። ከመታሰር ያተረፍነው ከዳቦው ሥር ነው።"

ሰው ሁሉ ፈነዳ። አባ አልሳቁም። ዕቃውን በሁለት ጣት አንሥተው ለዲያቆኑ ሰጡት፣ ዳቦውን ቆረሱ። ሆዴ ግን አልረጋም። ቡና ላይ በጣታቸው ጠሩኝ። ተግሣጽ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ድሮ ታክሲ ይነዱ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት።

"ኬኤ ይይዛል?" አሉኝ በዝግታ።

"ይይዛል አባ።"

"ሌዘርስ?"

"ሌዘር ከጮኸ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ነው አባ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዲያቆኑ ዕቃውን በሶፍት ጠቅልሎ አመጣው። አባ ገልበጥ አድርገው ሥሩን አዩት፣ የዳቦ ፍርፋሪ አራገፉለት።

"እኔ እሑድ እሑድ የምቀድሰው ባልቲሞር ነው" አሉ። "ስንት ትለዋለህ?"