መብራት ሲጠፋ የማይበተን ስክሪን

የምተዳደረው ሰው የተናገረውን በመጻፍ ነው። ተመራማሪዎች ጣና ዳር ካሉ ገበሬዎችና አሳ አስጋሪዎች ጋር ያደረጉትን ቃለ መጠይቅ በስልክ ቀድተው ይልኩልኛል። እኔ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ፣ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። ለዚህ ሥራ ድምፁ፣ የምጽፍበት ማይክሮሶፍት ወርድ፣ የቃላት ዝርዝሬ ያለበት ኤክሴልና ጥያቄዎቹ ያሉበት ፒዲኤፍ እኩል መከፈት አለባቸው።

ላፕቶፔ ርካሽ ናት። ስክሪኗ 1366 በ768 ነው። ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 683 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ወርድና ኤክሴል ጎን ለጎን ሲሆኑ ሁለቱም ይታፈናሉ። ከስፋቱ ይልቅ የሚያናድደኝ ግን ቁመቱ ነው። ከታች የተከፈቱት ፕሮግራሞች የሚደረደሩበት ታስክባር፣ ከላይ የወርድ ትእዛዞች ያሉበት ሪበን ቦታውን ይበሉትና ለጽሑፉ የሚተርፈው ጥቂት መስመር ነው። ኮንትሮልና ኤፍ1 አንድ ላይ ሲጫኑ ሪበኑ ይታጠፋል። ታስክባሩም ራሱን እንዲደብቅ ማዘዝ ይቻላል። እነዚህን ሁለቱን ብቻ አድርጋችሁ ብትተዉ እንኳን ገጹ ሰፋ ሲል ታዩታላችሁ።

በኋላ ያገለገለ ሞኒተር ገዛሁና በቁሙ አቆምኩት። 1920 በ1080 የነበረው 1080 በ1920 ሆነ። አንድ የኤ4 ገጽ ከራስጌ እስከ ግርጌ ይታያል። ከላይ ፒዲኤፉ፣ ከታች ኤክሴሉ። ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኦልትን ይዞ የላይ ቀስት ሲጫኑ መስኮቱ የላይኛውን ግማሽ ይይዛል፤ በታች ቀስት ደግሞ የታችኛውን።

እስከዚህ ድረስ ምክሩ ሁሉም ቦታ አንድ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን። ሁለት ስክሪን ስላላቸው ሰዎች የሚጻፈው ሁሉ "ዋናውን ሥራ ትልቁ ላይ አድርጉ" ይላል። እኛ ጋ መብራት ይጠፋል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ሞኒተር የለውም። ስለዚህ የምጽፍበት ወርድ ምንጊዜም ላፕቶፑ ላይ፣ ፊት ለፊቴ ነው። ሞኒተሩ ላይ የሚወጣው የማየው እንጂ የምነካው አይደለም። ቢጨልም እጄ ከኪቦርዱ አይነሳም።

አከራዬ ይህን ሁለት ቃል ሳይጨርሱ ነው የገባቸው። መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት በሩን ገፋ አድርገው፣

"ልጄ፣ መብራት እኮ የለም፣ በምን አየሽው?"

"ባትሪ አለው፣ እትዬ።"

"ታዲያ ያኛው ምነው ጨለመ?"

"እሱ ባትሪ የለውም።"

"እንግዲያ ጠቃሚውን እዚህኛው ላይ አርጊዋ!"

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ላፕቶፕ ሞኒተሩ መሄዱን ወዲያው ያውቅና እዚያ የነበሩትን መስኮቶች በሙሉ ሰብስቦ የምትጽፉበት ላይ ይከምራቸዋል። ሌላው ደግሞ፣ በተለይ በኤችዲኤምአይ ኬብል ሲሆን፣ ሞኒተሩ ያለ ይመስለዋል። ያኔ ፋይላችሁ ጨለማው ውስጥ ይቀራል፤ ታስክባሩ ላይ ተከፍቶ ይታያል፣ ብትጫኑት አይመጣም። የኔ ከዚህኛው ወገን ነው። መፍትሔው የዊንዶውስ ቁልፍንና የ"ፒ" ፊደልን ተጭኖ "ፒሲ ስክሪን ኦንሊ" የሚለውን መምረጥ ነው። ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ይመለሳል። አንዱን ብቻ ማምጣት ከፈለጋችሁ በኦልትና ታብ ትመርጡትና የዊንዶውስ ቁልፍን ከሺፍት ጋር ይዛችሁ የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ትጫናላችሁ።

መብራት ሲመጣስ? ዊንዶውስ 11 የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ፣ "መልቲፕል ዲስፕሌይስ" በሚለው ሥር፣ ሞኒተሩ ተመልሶ ሲገናኝ መስኮቶቹ የነበሩበትን ቦታ እንዲያስታውስ የሚያደርግ ምልክት አለ። አብሩት። ከነገርኳችሁ ሁሉ ይቺን አንዷን ብትይዙ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ድምፁ። ድምፁን የማጫውትበትን ቪኤልሲን በጣም አሳንሼ ላፕቶፑ ጥግ ላይ፣ ከወርድ በላይ አስቀምጠዋለሁ። "ቪዲዮ" በሚለው ሜኑ ውስጥ ሁልጊዜ ከላይ እንዲሆን የሚያደርግ ምርጫ አለው። ግን እሱን ማየቱ ብዙም አያስፈልገኝም፤ የምፈልገው ድምፁ የደረሰበትን ደቂቃ ነው። ለማቆምና ትንሽ ወደኋላ ለመመለስ ግሎባል የሚባሉትን አቋራጭ ቁልፎች ሞልቼለታለሁ፤ ወርድ ውስጥ እየጻፍኩም ይታዘዙልኛል። በጣም አጭሩ መመለሻ ሦስት ሰከንድ ነው። ለኔ ሥራ ከዚህ የተሻለ ልክ የለም። ታንኳ ላይ የተቀዳ ድምፅ አስቡ፤ ነፋሱ ማይኩን ይመታዋል፣ ከኋላ የጀልባ ሞተር አለ፣ ሰውየው "እምቦጩ መረቡን..." ብሎ ቀሪው ይዋጣል። ሦስት ሰከንድ ወደኋላ። "መረቡን ይ..." እንደገና። "ይጎትተዋል።" እሺ። በዚህ መሀል ማውዝ ፍለጋ ብሄድ የሰማሁት ከጆሮዬ ይወጣል።

ኤክሴሉ የሚጠቅመኝም እዚህ ላይ ነው። ቀረሶ፣ አምባዛ፣ እያለ የአሳው ዓይነት ሲመጣ ባለፈው በእንግሊዝኛ ምን ብዬ እንደጻፍኩት ዓይኔን ቀና አድርጌ አያለሁ። በኦልትና ታብ መሄድ፣ መፈለግ፣ መመለስ የለም።

ቴሌግራም ሁለቱም ስክሪን ላይ ቦታ የለውም። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ዲ ሲጫኑ ሌላ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ ቴሌግራምና ኢሜይል እዚያ ናቸው። በዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ቀስት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ኖቲፊኬሽኑንም ዘግቼዋለሁ። የሚቸኩል ሰው ይደውላል።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶቹን አያደራርብም ነበር። ጎን ለጎን ብቻ ነበር የሚደረድራቸው። መደራረቡ በ1987 ከሁለተኛው ጋር መጣ፤ እኛ ደግሞ ይኸው የተደራረበውን መልሰን እየደረደርን ነው።

ስለ ፋንሲዞንስ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የሚባል ፕሮግራም ውስጥ ያለ ነው። ስክሪኑን እንደፈለጋችሁ ትከፋፍሉና ሺፍት ይዛችሁ መስኮቱን ወደ ክፍሉ ትጎትታላችሁ። ሰፊ ሞኒተር ላለው ሰው ግሩም ነው። 1366 ላይ ግን የሚከፋፈል ነገር ስለሌለ አጥፍቼዋለሁ።